በቃል የተነገረኝ ፊት

የሰው ፊት ሳልልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣብኝ እስከ ዛሬ ድረስ ቶሎ ብዬ እሺ አልልም። እጄን አጣጥፌ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ኩራት የሚመስላቸው አሉ፤ ዋጋ ለማስጨመር ነው የሚሉኝም አልጠፉም። ነገሩ ሌላ ነው። መተማ ሳለሁ በሦስት ቀን ውስጥ የደረሰብኝን ነገር ለሰው ተናግሬው ስለማላውቅ ነው እንዲህ የሚሉኝ። ዛሬ ልንገራችሁ፤ የሰዎቹን ስም ግን ለውጬዋለሁ፤ ምክንያቱን ስትጨርሱ ትረዱታላችሁ።

ጣልያን አገራችንን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱን እያገባደደ ነበር። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ሥዕል የተማርኩት ጎንደር፣ ከአጎቴ ከመሪጌታ ኃይሉ ነው። አጎቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ ኖረው ጣልያን በገባ በዓመቱ ታመው ሞቱ። ከሳቸው በኋላ ሥዕል የሚያሠራ ጠፋ። ካህናቱ የሚበሉትን ባጡበት ዘመን ግድግዳ ማን ያስቀባል? ቀለሜንና ብሩሼን በስልቻ አድርጌ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ቆላ ወረድኩ።

መተማን ከሱዳን የሚለያት አንድ ደረቅ ወንዝ ነው። ሰሊጥ፣ ሙጫና ጥጥ በግመል ይሻገራል፤ ጨርቅ፣ ስኳርና ጋዝ ይመጣል። እንዲህ ያለ አገር ለሥዕል አይሆንም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔ ግን በወሩ ሥራ አገኘሁ። አብዛኛው ሰው ፊደል አይቆጥርም፤ ስለዚህ ነጋዴው ጆንያው ከሌላው ጆንያ የሚለይበት ምልክት ይፈልጋል። ለአንዱ ጨረቃ፣ ለአንዱ ሁለት ቁልፍ፣ ለአንዱ አንገቱን ያዞረ ግመል ሠራሁ። ግመል ላይ ተጭኖ በሩቅ ሲያልፍ እንኳ ባለቤቱ እንዲያውቀው አድርጌ ስለምሠራ ስሜ ወጣ። ከዚያ የሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ማንቆርቆሪያ፣ የልብስ ሰፊው በር ላይ መቀስ ሳልኩ። ጌታ የለኝ፣ ደመወዝ የለኝ፤ አንዱን ስጨርስ ሌላው ይጠራኛል። የምሠራው በሐጂ ኑርሁሴን ሱቅ ፊት ለፊት ባለች፣ ራኩባ በሚሏት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ነበር። ሐጂ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ ራኩባዋን ያለ ኪራይ የሰጡኝ «ሰው አንተን ሊያይ ሲቆም የኔንም ዕቃ ያያል» ብለው ነው።

ችግሩ የመጣው ካምፑ ሲያውቀኝ ነው። ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ ላይ የጣልያን ወታደሮች ካምፕ ነበር። አንድ ቀን ጠሩኝና የመንገድ ታፔላ አስቀቡኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። የማላውቀውን ፊደል ከወረቀት እያየሁ ገለበጥኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ሰላምታ ሲሰጠኝ ዓይኔን አያየኝም። የሻይ ቤቱ ወሬ እኔ ስገባ ስለ ዝናብ ይሆናል። የዚያን ጊዜ መተማ እንዲህ ነበረች፤ ግማሹ ሰው ባንዳ ነው ተብሎ ይታማል፣ ግማሹ የአርበኛ ቀላቢ ነው ተብሎ ይጠቆማል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ነበር የምንደግመው።

በዚህ መሐል የካምፑ አስተርጓሚ ራኩባዬ ድረስ መጣ። ነጭ ቆብ የሚያደርግ፣ ሲናገር ፈገግታ የማይለየው ሰው ነበር። ጆንያዎቹን ሲያይ ቆየና ጠየቀኝ።

«የአንድን ሰው መልክ በቃል ብንነግርህ መሳል ትችላለህ?»

«የማንን መልክ፣ ጌታው?»

«የማንም ይሁን። ፊቱ እንዲህ ነው፣ ጠባሳው እዚህ ጋ ነው ብንልህ ማለቴ ነው።»

አርማጭሆ በረሃ ውስጥ ያሉትን አርበኞች ማደኛ መሆኑ ገባኝ። «እኔ የግመልና የማንቆርቆሪያ ሠዓሊ ነኝ» አልኩት።

ሳቀ። «አስብበት» አለና ሄደ።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ገበያው ሞቅ ሲል አንዲት ሴት ራኩባው አፍ ላይ ቆመች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች፤ ነጭ ቀሚሷ ታጥቦ ጸድቷል። ከብብቷ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ ይዛለች።

«ሠዓሊው አንተ ነህ?»

«ነኝ፤ እህቴ። ምን ልሥራልሽ?»

«ፊት ትስላለህ?»

«የማንን?»

«የባሌን።»

«ይምጣና ልየው።»

«አይመጣም፤ ሞቷል» አለችኝ። ይህን ስትል እኔን ሳይሆን ጉብታውን፣ ካምፑን ነበር የምታየው። «መልኩን እኔ እነግርሃለሁ፤ አንድም አላጎድልብህም። ጨርቁን ይኸው በእጄ የፈተልኩት ነው።»

አስተርጓሚው የጠየቀኝን ነገር በስምንት ቀኑ ሴት መጥታ ትጠይቀኛለች። ደግሜ አየኋት። በኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ጸጉሯን ትላጫለች፣ ልብሷን ከል ታስነክራለች፣ ፊቷን ትነጫለች። ይህችኛዋ ሹሩባዋ ገና ትናንት የተሠራ ይመስላል።

«መቼ ነው ያረፈው?» አልኳት።

«ቆይቷል።»

«ምን አግኝቶት?»

«የምትስለው ፊቱን ነው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «አሟሟቱን ምን ያደርግልሃል?»

«ማነው ወደኔ የላከሽ?»

«ማንም። ሰሌዳህን አይቼ ነው።»

ስትዋሽ አወቅኳት። አፏ ማንም ሲል ጣቷ ጨርቁን ጨመደደው። ያን ጊዜ አልችልም ብዬ መመለስ ነበረብኝ። ግን ፈራሁ። ካምፑ የላካት ከሆነ እምቢታዬ ነገ ያስጠራኛል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ከፍርሃቱ ሌላም ነገር ነበረ። የካምፑ ቀለም ቀቢ እየተባልኩ መታማቱ አንገብግቦኝ ነበር። ይህችን ሰላይ ላታልላትና ለራሴ እንኳ ወንድ መሆኔን ላረጋግጥ የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

«ተቀመጪ» አልኳት።

ተቀመጠችና ጀመረች። ስለ ግንባሩ፣ ስለ ዓይኖቹ፣ ስለ አፍንጫው ነገረችኝ። በአንደኛው ቅንድቡ ላይ በልጅነቱ ጥጃ ረግጦት ጸጉር የማያበቅል ቦታ አለ አለች። አንዱ ጆሮው ከሌላው ዝቅ ይላል አለች። «ሲስቅ ከንፈሩ በአንድ በኩል ቀድሞ ነው የሚነሣው» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከሰሌን በወረቀት ላይ አንቀሳቅስ ነበር እንጂ የምትለውን እየነደፍኩ አልነበረም። ጆሮዬ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው። ነው ትላለች እንጂ ነበር አትልም፤ ሰውየው በሕይወት አለ አልኩ በልቤ። ጠባሳውን ደጋገመችው፤ ለሚያድን ሰው ከጠባሳ የበለጠ ምን ምልክት አለ?

ስትነሣ «ቶሎ ሥራልኝ፣ ወንድሜ» አለችኝ። «ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው ካየሁት። ሳይጠፋኝ ሥራልኝ።»

«ስምሽን ማን ልበል?»

ትንሽ አመነታች። «እናንየ» አለችኝ። ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ሄደች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ለአንድ ነጋዴ ጆንያ ምልክት ልሠራ ወደ ላይኛው ሰፈር ስወጣ እናንየን ከካምፑ በር ስትወጣ አየኋት። አስተርጓሚው ከኋላዋ ቆሞ የሆነ ነገር ይላታል፤ እሷ አንገቷን ደፍታ እሺ እሺ ትላለች። ግድግዳ ተከልዬ አሳለፍኳት። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ እርግጠኛ ሆንኩ።

ተመልሼ ጨርቋን ወጠርኩ። ሙጫ በኖራ ለውሼ ቀባሁትና ሲደርቅ ማሰብ ጀመርኩ። ዝም ብዬ ከጭንቅላቴ ፊት ብፈጥር ያን ፊት የሚመስል አንድ ምስኪን ገበሬ ገበያ ላይ ይያዝና ይሰቀላል። ስለዚህ የሞተ ሰው ልሳል አልኩ፤ የሞተ ሰው አይታሰርም። የአጎቴን የመሪጌታን ፊት ሳልኩላት። እጄ እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም። ጠባቡን ግንባራቸውን፣ ጠጋ ጠጋ ያሉትን ዓይኖቻቸውን፣ ሾጠጥ ያለውን አገጫቸውን ሠራሁ፤ ሽበታቸውን ብቻ አጠቆርኩ። ሁለቱም ቅንድቦች ሙሉ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ መጣች። ሥዕሉን ወደ ግድግዳው አዙሬ ደበቅኩባት። «ገና ነው፤ ነገ ነይ» አልኳት።

ዓይኗ ራኩባዋን ሲበረብር ቆየና ከጎኑ ለሌላ ሥራ በወጠርኩት ባዶ ጨርቅ ላይ አረፈ።

«ሁለት ነው እንዴ የምትሠራው?»

«ያ የሌላ ሰው ነው።»

«የማን?»

«የደንበኛ ነዋ። ምን አስጨነቀሽ?»

ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች። ለየጣቢያው የሚበተን ሁለት ሦስት ሥዕል ፈልጋ ነው አልኩ በልቤ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሥዕሉን አዙሬ ሰጠኋት። ከፊቷ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። የእውነት ሚስቱ ብትሆን ጮኻ «ይሄ እሱ አይደለም» ትላለች፤ ሰላይ ከሆነች ግን ሰውየውን አይታው ስለማታውቅ ዝም ብላ ትወስዳለች ብዬ ነበር የማስበው።

ረጅም ጊዜ አየችው። ቀና ብላ ደግሞ እኔን አየችኝ። እንደዚያ ያለ አተያይ አይቼ አላውቅም፤ ጥያቄም ቁጣም አልነበረበትም። ከዚያ ጨርቁን በጥንቃቄ ጠቀለለችው።

«እጅህ ይባረክ» አለችኝና ወጣች።

አሸነፍኩ አልኩ።

የዚያኑ ዕለት ወደ ማታ ገደማ ሐጂ ኑርሁሴን ከገዳሪፍ ገቡ። ሰሊጥ ይዘው ከሄዱ ዐሥር ቀናቸው ነው። ግመሎቹ ተራግፈው፣ ሐጂ ከርከዴ እየጠጡ ሳለ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሚስጥር መጠበቅ አልቻልኩም።

«ሐጂ፣ ካምፑን አታለልኩት» አልኳቸው። ሴትዮዋን፣ ሹሩባዋን፣ ከካምፑ በር መውጣቷን፣ የአጎቴን ፊት መስጠቴን እየሳቅሁ ተረክሁላቸው።

ሐጂ አልሳቁም። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ስሟን ነገረችህ?»

«እናንየ ብላኛለች።»

«እኔ ነኝ ወዳንተ የላክኋት» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም።

«ባሏ አዛናው አርማጭሆ በረሃ ከሞተ ስድስት ወሩ ነው። መርዶውን ያመጡት ሰዎች የነገሯት እዚሁ ጓዳዬ ውስጥ ነው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነው ያለቀሰችው። እንዴት ትላጭ? እንዴት ከል ትልበስ? የአርበኛ ሚስት መሆኗ ቢታወቅ ቤቷን ከነልጇ ያቃጥሉባት ነበር። ሹሩባውን የሠራቻት ሚስቴ ናት፤ ሰው እንዳይጠረጥራት ብላ።»

«ከካምፑ ስትወጣ በዓይኔ አይቻታለሁ እኮ፣ ሐጂ!»

«የይለፍ ወረቀት ልትለምን ነዋ። ልጇን ይዛ ወደ ገዳሪፍ እንድትሻገር እኔ ነኝ የመከርኋት። ልጅቱ አባቷን አይታው አታውቅም፤ በሆዷ ሳለች ነው የሸፈተው። ከመሄድሽ በፊት መልኩን በሥዕል አሠሪ፣ ከሱቄ ፊት ያለው ልጅ እጁ መልካም ነው አልኋት። ስሜን እንዳታነሺ ያልኋትም እኔ ነኝ።» ወደ መሬት እያዩ «አንተንም ቢሆን በሙሉ አላመንኩህም ነበር፣ ደምሴ። እኔም አጥፍቻለሁ» አሉኝ።

ተነሥተን ወደ ቤቷ ሄድን። በሩ ገርበብ ብሏል። ማሰሮው አለ፣ ወፍጮው አለ፣ የተፈጨ ማሽላ ሳይነሣ ወፍጮው ላይ ቀርቷል። ጎረቤቷ ብቅ አለችና «ረፋድ ላይ ልጇን አዝላ ወጣች፤ ገበያ መስሎኝ ነበር» አለችን። የይለፍ ወረቀቱ የሚሰጠው በማግስቱ እንደነበር በኋላ ሰማን። ወረቀቱን ሳትጠብቅ ነው የሄደችው። ያለ ወረቀት ወንዙን ሲሻገር የተገኘ ሰው እንደሚተኮስበት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። ከወንዙ በኩል ተኩስ በተሰማ ቁጥር ብሩሼ ከእጄ ይወድቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሐጂ የግመል ነጂ አስመስለው አሻገሩኝ። ገዳሪፍ ዳር፣ የኛ ስደተኞች በሰፈሩበት ቦታ ጠይቄ ጠይቄ አገኘኋት። በሕይወት መኖሯን ሳይ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

የሣር ጎጆ ነው። ምሰሶው ላይ የአጎቴ ፊት ተሰቅሏል። ሦስት ዓመት የሚጠጋት ልጅ ከሥሩ ተቀምጣ በእንጨት ትጫወታለች።

«እናንየ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «ካምፑ የላከሽ መስሎኝ ነው።»

«አውቄዋለሁ» አለችኝ። «ማለቴ፣ ሆን ብለህ እንዳበላሸኸው ገና ሳየው ነው ያወቅኩት። እንደዚያ ያለ እጅ ተሳስቶ አይስትም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እኔም አንተን ጠርጥሬህ ነዋ። ሁለት ጨርቅ አየሁ። ለኔ የውሸቱን ሰጥቶ የእውነቱን ለካምፑ ሊሰጥ ነው አልኩ። ሐጂ ልከውኝ እንኳ ያን ታፔላ መቀባትህን እያሰብኩ ነበር የመጣሁት። የአዛናው ወንድሞች ቁርጥ እሱን ነው የሚመስሉት፤ እነሱ ገና በረሃ ናቸው። በገዛ አፌ አሳልፌ ሰጠኋቸው ብዬ አበድኩ። ወረቀቱን ብጠብቅ ይይዙኛል ብዬ ልጄን አዝዬ ወጣሁ።»

«ይህንን ታዲያ ለምን ሰቀልሽው? ለምን አልጣልሽውም?»

ወደ ልጅቱ አየች። «መንገድ ላይ ልጥለው ስፈታው አየችው። ማነው? አለችኝ። ሞት አፋፍ ላይ ሆኜ ምን ልበላት? አባትሽ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሳትስመው አትተኛም።»

ከሰልና ወረቀት ይዤ ነበር የሄድኩት። «ንገሪኝ» አልኳት፤ «አሁን እሰማሻለሁ። ጥሩውን እሠራልሻለሁ።»

ዓይኗን ጨፈነች። «ግንባሩ…» አለች። ጠበቅኳት። «ግንባሩ…» አለች ደግማ። ዓይኗን ስትገልጥ እንባዋ ወረደ።

«ስጨፍን የሚመጣልኝ ያንተ ሰውዬ ነው» አለችኝ። «ድሮም እየደበዘዘብኝ ነበር፤ ሳይጠፋኝ ያልኩህ ለዚህ ነው። አሁን ይኸኛው ገብቶ ቦታውን ያዘበት።»

«ቅንድቡ ላይ ጸጉር የሌለው ቦታ ነበር ብለሽኛል» አልኳት፤ ልረዳት ብዬ። «በግራ ነው በቀኝ?»

«ነግሬህ አልነበር?»

ነግራኛለች። እኔ ግን ውሸት ፍለጋ ላይ ስለነበርኩ አልሰማኋትም። በዓለም ላይ ያን ፊት በቃል የተነገረው አንድ ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔም አላስቀረሁትም። ሁለታችን ነጩን ወረቀት እያየን እስከ ማታ ተቀመጥን።

ስለያት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ለልጅቱ አትንገራት» አለችኝ። ማልኩላት።

ጣልያን ወጣ፤ አገር ተረጋጋ። የአዛናው ወንድሞች ግን ከበረሃ አልተመለሱም። እኔም በዚሁ ሙያ ኖርኩ። የነጋዴ ምልክት፣ የሱቅ ሰሌዳ፣ በኋላም የተማሪ መጻሕፍት ሥዕል እየሠራሁ ልጆቼን አሳደግሁ። ከዚያ ገጠመኝ በኋላ ግን አንድ ልማድ ያዝኩ። ፊት የሚያሠራኝ ሰው ሲመጣ ማን እንደላከው ሳይሆን ያ ሰው ምኑ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ እስኪጨርስ አላቋርጠውም፤ የሰማሁትን መልሼ እነግረዋለሁ። ካላመንኩት አልችልም እለዋለሁ። ብሩሼን ለውሸት አላነሣም።

እናንየ ካረፈች ቆይቷል። ልጅቷ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥዕሉን ይዛ ቤቴ መጣች። ጨርቁ ተቀዷል፣ ቀለሙ ተላልጧል።

«የአባቴን ፊት የሳልከው አንተ ነህ ብላ እናቴ ነግራኛለች» አለችኝ። «አድስልኝ፤ ልጆቼ ይወቁት።»

እውነቱ አፌ ድረስ መጣ። መሐላዬን አስቤ መልሼ ዋጥኩት። ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ የአጎቴን ፊት አደስኩላት። ስትቀበለኝ እጄን ሳመችኝ፤ ከእጇ ማውጣት አቃተኝ።

ትክክል ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም፤ እናንተ ፍረዱ። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። በዚያ ዘመን መጠርጠሬ ኃጢአት አልነበረም፤ ሁላችንም እንጠረጥር ነበር፣ መጠርጠርም ያድን ነበር። ጥፋቴ በጥርጣሬዬ ላይ ተመሥርቼ ብልህ ነኝ ማለቴ ነው። ስትጠራጠሩ «አይ፣ አልችልም» ማለት ትችላላችሁ፤ ሰውየው ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ በልቡ የያዘውንም ፊት ይዞ ይሄዳል። እኔ ያችን አንዲት ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝና፣ እናንየ የባሏን ፊት በሐሳቧ እንኳ ዳግመኛ ሳታየው ኖራ ሞተች።